ሁለት መጽሐፍ፣ አንድ ምስክር፦ በድኅረ ምረቃ የመካከለኛው ዘመን ጥናት ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ኢፋትና ስለ አጎራባቾቿ የመካከለኛው ዘመን ሙስሊም ግዛቶች በድኅረ ምረቃ ደረጃ የሚዘጋጁ ጽሑፎችን ስናነብ አንድ አባባል ደጋግሞ ያጋጥመናል፤ አል-ዑመሪ ሰባት ግዛቶች እንደነበሩ ጽፏል፣ አል-መቅሪዚም ይህንኑ አረጋግጧል የሚል ነው። ሂሳችን «አረጋግጧል» በምትለው ቃል ላይ ነው።

በ749 ዓመተ ሂጅራ (1349 እ.ኤ.አ.) ያረፈው አል-ዑመሪ ሐበሻን አላየም፤ የጻፈው ከሌሎች ሰምቶ ነው። ከነገሩት ሰዎች መካከል ሸይኽ ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒ በስም ተጠቅሰዋል። አል-መቅሪዚ ደግሞ አንድ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ839 ዓመተ ሂጅራ መካ ሳለ፣ «አል-ኢልማም» የተባለውን ድርሳኑን አዘጋጀ። የወላስማዕ ሱልጣኖችን ዜና ከአገሩ ከመጡ ሰዎች ሰማ፤ የአገሩን ገጽታ ግን በአብዛኛው ከአል-ዑመሪ ቀዳ። ስለ ሰባቱ ግዛቶች የተነገረው ቃል ስለዚህ ወደ አንድ ምንጭ ይመለሳል።

ሐዲስ የቀራ ደረሳ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሁለት ሰነዶች በአንድ ራዊ ላይ ከተገናኙ፣ የመጽሐፉ መብዛት ወሬውን ሙተዋቲር አያደርገውም። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ በትርጉም ስለሚያነብ ነው። አንዱ ዐረብኛ ዓረፍተ ነገር በሁለት ተርጓሚዎች እጅ ሲያልፍ ሁለት ይመስላል፤ ቅጂነቱ የሚታወቀው በዐረብኛው ነው። ዐረብኛ የማያነብ ተማሪ በዚህ ርእስ ላይ እንዲመረቅ መፍቀድ፣ በእኛ አስተያየት፣ ተማሪውንም ርእሱንም መበደል ነው። ጽሑፉ ነገ የመምህራን መማሪያና የኹጥባ መረጃ ይሆናልና።

ይህን ስንል አል-መቅሪዚን መጣል ይገባል ማለታችን አይደለም። ስለ ሱልጣን ሰዕደዲን ከእርሱ በላይ የምንደገፍባቸው ጥቂት ናቸው። ይሁንና ሱልጣኑ የተገደሉበትን ዓመት አንዳንዶች 1403፣ ሌሎች 1415 እ.ኤ.አ. ያደርጉታል። የዘመተባቸው ንጉሥ ዐፄ ዳዊት ይሁኑ ዐፄ ይስሐቅ የሚታወቀው በዚህ ልዩነት ነው፤ ልዩነቱን ሳይጠቅስ አንዱን ዓመት ብቻ የሚጽፍ ተማሪ ግን ንጉሡንም ሳይመረምር መርጧል።

የኢስናድ ዕውቀትም ብቻውን አይበቃም። ሸይኽ ዐብዱላህ ካይሮ የነበሩት ለጉዳይ ነው፤ የግብጹ ፓትርያርክ ለሐበሻው ንጉሥ ጽፎ ሙስሊሞችን ከመበደል እንዲከለክለው ይጥሩ ነበር። አል-ዑመሪ ስለ ሰባቱ ግዛቶች ድካምና መከፋፈል የጻፈውን ስናነብ፣ ከነገሩት አንዱ አቤቱታ ይዘው የመጡ ሰው መሆናቸውን ማስታወስ ይኖርብናል።