ሁለት ሰማያዊ ቀለም

ስላይዱ ሌሊቱን ሙቅ ቀለም ውስጥ አድሮ ጠዋት ሲወጣ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነው። ቀለሙ ሉክሶል ፋስት ብሉ ይባላል፤ የነርቭ ክሮችን የሚሸፍነውን ማይሊን ይይዛል። መንከሩን ማንም ይችላል፤ ሙያው ያለው ማጠቡ ላይ ነው። የፓቶሎጂ ባለሙያው ስላይዱን ለጥቂት ሰከንድ በቀጠነ ሊቲየም ካርቦኔት፣ ቀጥሎ በ70 በመቶ አልኮል ያጥብና በማይክሮስኮፕ ያያል። መልሶ ያጥባል፤ ደግሞ ያያል። ካሳነሰ፣ በሽታ የበላው ቦታ ሰማያዊ እንደለበሰ ይቀራል። ካበዛ ግን ጤነኛው ማይሊን ገርጥቶ የታመመ ይመስላል፤ ጀማሪን የሚያሳስተውም ይሄኛው ነው።

በደንብ ሲታጠብ፣ ማይሊንን የሚያጠፋው የመልቲፕል ስክለሮሲስ በሽታ ጠባሳ ጠርዙ ጥርት ብሎ ይወጣል። የነርቭ ሐኪሙ ሻርኮ በ1868 ፓሪስ ሳልፔትሪየር ሆስፒታል ውስጥ የገለጸው ይህንኑ ጠባሳ ነበር። በ1916 ደግሞ የኤደንብራው የፓቶሎጂ ባለሙያ ዶውሰን ጠባሶቹ ትንንሽ የደም መልሶችን ተከትለው እንደሚሄዱ አሳየ። ዛሬም ባለሙያው መጀመሪያ የሚፈልገው ያችን የደም መልስ ነው፤ የመከላከያ ሴሎች እንደ እጅጌ ከበዋት ይገኛሉ።

እነማን ናቸው? ይህን ለመለየት የሴሎቹን መለያ ፕሮቲኖች የሚያሳይ ሌላ ቀለም ያስፈልጋል፤ ሲዲ3 ለቲ ሴል፣ ሲዲ20 ለቢ ሴል፣ ሲዲ68 ለማክሮፋጅና ለማይክሮግሊያ። ትኩስ ጠባሳ ውስጥ የሚበዙት የኋለኞቹ ናቸው። ሆዳቸው ውስጥ ሰማያዊ ፍርፋሪ ከታየ ማይሊኑን የዋጡት በቅርቡ ነው ማለት ነው። ከቲ ሴሎች መካከል ሲዲ8 የሚባሉት ሲዲ4ን በቁጥር ይበልጣሉ፤ የእንስሳት ምርምሩ ግን ለአሥርት ዓመታት ያተኮረው በሲዲ4 ላይ ነበር። ቢ ሴሎች ጥቂት ናቸው፤ እነሱም በአብዛኛው የደም ሥሩ ዙሪያና የአንጎል ሽፋን ላይ ተጠግተው ይታያሉ።

በቆጠራ ቢፈረድ ኖሮ ቢ ሴል ነጻ ትወጣ ነበር። በ2008 ግን 104 ሕመምተኞች የተሳተፉበት የሪቱክሲማብ ሙከራ ውጤት ወጣ። መድኃኒቱ ሲዲ20 ያላቸውን ሴሎች ከደም ጠርጎ ሲያስወግድ፣ በኤምአርአይ የሚታየው አዲስ ብግነት በፍጥነት ቀነሰ። ተመሳሳይ መንገድ የሚከተለው ኦክረሊዙማብ በ2017 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። የሚገርመው ሌላ ነው፦ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ፕላዝማ ሴሎች ሲዲ20 ስለሌላቸው መድኃኒቱ አይነካቸውም። ስለዚህ የቢ ሴሏ ዋና ጥፋት ፀረ እንግዳ አካል ማምረቷ ሳይሆን ቲ ሴሎችን ማነሳሳቷ ነው የሚለው ማብራሪያ ሚዛን ደፋ።

ስላይድ የአንድ ቀን ፎቶ ነው። ለቅሶ ቤት የሞላው ሰው ሁሉ ገዳይ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ማክሮፋጁም ድንኳን ተካዩ ሊሆን ይችላል፤ ፍርፋሪው ካልተጠረገ ማይሊን መልሶ አያድግም። አጥፊውም ጠራጊውም ያው ሴል መሆኑ ግን ነገሩን ያወሳስበዋል።

ያረጁ አንዳንድ ጠባሶች ደግሞ መሃላቸው ጸጥ ብሎ ጠርዛቸው ቀስ እያለ ይሰፋል፤ እዚያ ብረት ያጨቁ ማይክሮግሊያዎች ተሰልፈዋል። ብረቱን ለማየት ባለሙያው ፐርልስ የተባለውን ቀለም ይጠቀማል። እሱም ሰማያዊ ነው። በመጀመሪያው ስላይድ ሰማያዊ ማለት የተረፈ ማይሊን ነው፤ በዚህኛው ግን ብረት። ስለዚህ ከመንከሩ በፊት የስላይዱ ጥግ ላይ የቀለሙን ስም በእርሳስ ይጽፋል፤ የእስክሪብቶ ጽሑፍ አልኮል ውስጥ ይጠፋል።