መውረጃ የሌለው ጨረታ

ባሕር የሌለው ሕዝብ ስለ መርከብ ላይ ጨረታ ምን አገባው? ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ያሉን መርከቦች ማዳበሪያና ብረት ይጭናሉ እንጂ ሥዕል ገዢ አይጭኑም። ግን ትንሽ ታገሡኝ። ወሬው ከውቅያኖስ ቢነሣም የሚያርፈው መርካቶ ነው።

ይኸውላችሁ፣ ፈረንጆች ለሽርሽር በሚሳፈሩባቸው ትልልቅ መርከቦች ላይ የሥዕል ጨረታ የሚባል ነገር አለ። ሰውዬው ያጠራቀማትን ይዞ ለአንድ ሳምንት ባሕር ላይ ሊዝናና ይወጣል። በጉዞው መሐል አንድ አዳራሽ ይጋበዛል። ሻምፓኝ በነፃ ይቀዳለታል፤ ቁጥር የተጻፈባት ካርድ ትሰጠዋለች። አጫራቹ ጨዋታ አዋቂ ነው። ሠዓሊው ማን እንደሆነ የሚነግረው እሱ፣ ሥዕሉ የብስ ላይ ስንት እንደሚያወጣ የሚነግረውም እሱ። ወጣ ብሎ ሌላ ሱቅ እንዳይጠይቅ ዙሪያው ውኃ ነው። ከሚሸጡት ውስጥ ብዙዎቹ ደግሞ አንድ ለእናቱ የሆኑ ሥራዎች ሳይሆኑ በብዛት የታተሙ ኅትመቶች ናቸው። ዛሬ እዚህ "አመለጠኝ" ብሎ የሚንገበገብበት ሥዕል ወንድሙ ሌላ መርከብ ላይ እየተጫረተ ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ኒውዮርክ ታይምስ ስለነዚህ ጨረታዎች ሰፊ ዘገባ አውጥቶ ነበር። ገዢዎች ቤታቸው ገብተው ባለሙያ ሲያስገምቱ የተነገራቸው ዋጋና የከፈሉት ዋጋ አልገናኝ አላቸው። በተለይ በሳልቫዶር ዳሊ ስም በተሸጡ ኅትመቶች የተነሣ አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ድረስ የሄዱ ነበሩ። ዋነኛው አጫራች ፓርክ ዌስት የተባለው ኩባንያ ክሱን አስተባብሏል። የእኔ ነገር ከፍርዱ ጋር አይደለም። የእኔ ነገር ከሰውዬው ጋር ነው። ይህን ያህል አስቦ የሚኖር፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ የወተት ዋጋ የሚያነጻጽር ሰው እንዴት እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቦርሳው ተፈታ? ሻምፓኙ ብቻ አይመስለኝም። መውረጃ ስላልነበረው ነው።

አሁን ወደ መርካቶ እንምጣ። ጣልያን አዲስ አበባን በ1928 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ምዕራብ ገፍቶ የመሠረተው ሰፈር ነው፤ ስሙም ከጣልያንኛ የቀረ ነው። ስለ መርካቶ ብዙ ይባላል፤ ኪስ ያወልቃል፣ ያምታታል፣ ደላላው አይጣል ነው ይባላል። እኔ ግን መርካቶ አንድ ትልቅ ፍትሕ አለው ባይ ነኝ፤ ትቶ መሄድ ይቻላል።

ሸማ ተራ ገብታችሁ ነጠላ ትጠይቃላችሁ። ዋጋ ይጠራላችኋል። በግማሽ ትወርዳላችሁ። ሻጩ እንደ መቆጣት ይላል። "የመጨረሻው ስንት ነው?" ትላላችሁ። "ለእናንተ ስል" ብሎ ትንሽ ይቀንሳል። አሁንም ካልተስማማችሁ ፊታችሁን አዙራችሁ ትሄዳላችሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ። "ኑ እንጂ! ኑ፣ ውሰዱት!" የዕቃውን ዋጋ የሚቆርጡት እነዚያ እርምጃዎች ናቸው። ሻጩ ካልጠራችሁም አንድ ነገር ዐውቃችኋል፤ ዕቃው ከዚያ በታች አይሸጥም ማለት ነው። በነፃ የተሰጠ ትምህርት ነው። ደግሞ ትታችሁ ስለሄዳችሁ የሚያፍርባችሁ የለም።

የባንክ ሐራጅ እንኳ፣ ያ ስሙ ሲነሣ የመርካቶን ነጋዴ እንቅልፍ የሚነሣው፣ ሥርዓት አለው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ መያዣውን ከመሸጡ በፊት ለባለዕዳው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ መነሻ ዋጋው ይጻፋል፤ ቤቱን ማየት የፈለገ ሄዶ ያያል፤ ግድግዳውን ያንኳኳል። የጨከነው ጨረታ እንኳ ለገዢው የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል።

ታዲያ ማሰቢያ ጊዜም መውረጃም የሌለው የትኛው ነው? የሆቴል አዳራሹ! የገቢ ማሰባሰቢያ እራት የሚባለው።

ታውቁታላችሁ። ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለአገር ቤት መንገድ፣ ለማኅበር ሕንፃ ይጠራል። ካርዱ በሰው በሰው ይመጣል፤ እምቢ አይባልም። እራት ይበላል፤ ክራር ይመታል። ከዚያ መድረክ መሪው ጉሮሮውን ይጠርግና "አሁን የምሽቱ ልዩ ፕሮግራም" ይላል። ጨርቅ የተሸፈነ ሥዕል በሁለት ልጆች ተይዞ ይገባል።

እኔ በተገኘሁበት አንድ ምሽት ሥዕሉ በ20 ሺህ ብር ተነሣ። የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ የሆነ ወዳጄ አጠገቤ ተቀምጧል። ይህ ሰው ቀን ላይ በአንድ ፓኮ ሚስማር ለሁለት ብር ግማሽ ሰዓት የሚከራከር ሰው ነው፤ እኔ ምስክር ነኝ። መድረክ መሪው ግን ሥራውን ዐዋቂ ነው። "ከበርበሬ ተራ 60 ሺህ ገባ! ብረታ ብረት ምን ይላል?" ጭብጨባ። "ጋሼ፣ እዚያ ጋ! ዝም አሉ እኮ! የመርካቶ አንበሳ ዝም ይላል እንዴ?" እልልታ። ካሜራው ዞሮ ፊቱ ላይ አረፈ። ወዳጄ እጁን አነሣ። 80፣ 100፣ 130። ከወዲያ ማዶ ያለውም ሰው የሱው ዓይነት ላብ እያላበው ነው። 180 ሺህ ላይ "አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ!" ተባለ፤ ሥዕሉ የወዳጄ ሆነ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበለት።

በሳምንቱ ሱቁ ሄድኩ። ሥዕሉ መጋዘን ውስጥ፣ ከሚስማር ካርቶኖች ኋላ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል።

"ምንድነው ሥዕሉ?" አልኩት።

"ሴቶች ናቸው መሰለኝ፤ ቡና የሚያፈሉ" አለኝ። አዙረን አየነው። በሬዎች ናቸው፤ ጤፍ የሚያበራዩ።

"ለምን አልተውከውም?"

"እንዴት ልተወው? ያ ሁሉ ሰው እያየኝ!"

"እዚህ ሺህ ሰው እያየህ ዕቃ ትተህ ትሄድ የለ?"

"እዚህማ ንግድ ነው።"

"እዚያስ ምንድነው?"

ዝም አለ። የፈረንጁ መርከብ ዙሪያው ውኃ ነው ብያለሁ። የእኛ መርከብ ዙሪያው ይሉኝታ ነው። ውኃውን የሚዋኝ ይኖራል፤ ይሉኝታን የዋኘ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

"ለወገን እኮ ነው! ምን አለበት?" የሚለኝ አንባቢ አለ፤ ልክ ነው። በዚህ መንገድ የተሠሩ ክፍሎች አሉ፤ ልጆች ይማሩባቸዋል። የቤተክርስቲያኑንም ጨረታ ዐውቃለሁ። መስከረም 1 ቀን ራጉኤል፣ ወይም በሌላ የንግሥ በዓል ሌላ ደብር ሄዳችሁ ብታዩ ጃንጥላው፣ ሥዕለ አድኅኖው፣ መጋረጃው ለጨረታ ይቀርባል። ያሸነፈው ሰው ብዙ ጊዜ ዕቃውን መልሶ ለዚያው ደብር ይሰጣል። እዚያ የሚሸጥ ነገር የለም፤ ሰውዬው የሚሰጠው ስለት ነው፣ የሚጠብቀውም በረከት ነው። ጃንጥላው በገበያ ስንት ያወጣል ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጠየቅም የለበትም። ነገሩ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል።

የአዳራሹ ጨረታ ግን ሁለት ልብስ ለብሶ ይመጣል። ሰውዬው ሲቆጨው "እርዳታ ነው" ይባላል፤ ለማነሣሣት ሲፈለግ "ትልቅ የጥበብ ሥራ ነው፣ ነገ እጥፍ ያወጣል" ይባላል። እርዳታ ከሆነ ዋጋውን መድረክ ላይ ማናቆር ለምን? የጥበብ ሥራ ከሆነ ደግሞ ሠዓሊው የት አለ?

እስቲ ስለ ሠዓሊው እናውራ። የዚያን ምሽቱን ሥዕል የሠራው ልጅ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወጥቶ በኪራይ ቤት የሚኖር ነው። ሥዕሉን "ለበጎ ሥራ ነው" ተብሎ በነፃ ሰጠ። እሱንም የያዘው ያው ይሉኝታ ነው። የተሰጠው ነገር ቢኖር በፍሬም የተሠራ የምስጋና ወረቀት ነው። "ቀለሙንስ?" ብዬ ጠየቅኩት። ቀለሙም ሸራውም ከኪሱ ነው። ይባስ ብሎ የቤት አከራዩ ጨረታውን በወሬ ሰምተው "አንተማ በ180 ሺህ ትሸጣለህ አሉ!" ብለው ኪራይ ጨመሩበት። ከዚያ ወዲህ ያንኑ የሚያህል ሥዕል ቤቱ መጥቶ በ15 ሺህ የገዛው ሰው የለም። ታዲያ የዚህ ልጅ ሥራ ዋጋው ስንት ነው? 180 ሺህ ነው? 15 ሺህ ነው? ዜሮ ነው? ዐዋቂ የለም፤ ምክንያቱም በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድም ሰው ስለ ሥዕሉ አልተጫረተም።

ሠሪው ወይም ባለቤቱ የሌለበት ጨረታ በአገራችን አዲስ አይደለም። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ አወረደ። እዚያ ለሁለት ቀን ጨረታ ቆመ። መስቀል፣ ጽዋ፣ ብራና፣ ዘውድ ሳይቀር። የተሰበሰበው 5 ሺህ ፓውንድ ያህል ነበር፤ ለተራው ወታደር ሲካፈል አራት ዶላር ከምናምን ደረሰው። ከተጫራቾቹ መካከል ሪቻርድ ሆምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ነበር፤ ሙዚየሙ ለግዢ 1 ሺህ ፓውንድ መድቦለታል። ወታደሩ ለወሬ ማስታወሻ ሲገዛ እሱ ምን እንደሚገዛ ያውቅ ነበር። ከዘመቻው 350 ያህል ብራናዎች ለሙዚየሙ ገቡ። ዕቃውን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ በሆነበት ጨረታ የሚያተርፈው ማን እንደሆነ መርካቶ ያለ ማንም ልጅ ይነግራችኋል።

ያ ጨረታ እስካሁን አላለቀም። በ2013 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ዶርሴት ውስጥ የመቅደላ ዕቃዎች ሊጫረቱ ሲሉ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ጠይቆ ከሽያጩ ወጡ። ሼሄራዛድ የተባለ ፋውንዴሽን ገዝቷቸው በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በደላንታ ሜዳ ዋጋቸው በወታደር ኪስ የተለካ ዕቃዎች ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ኤምባሲ አስነሡ።

"እንግዲያው ጨረታ ራሱ መጥፎ ነው ልትለን ነው?" አይደለም። አዲስ አበባ የተወለደችው የጁሊ ምሕረቱ አንድ ሥዕል እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ በሶዝቢስ ጨረታ 10.7 ሚሊዮን ዶላር አወጣ፤ በአፍሪካ የተወለደ ሠዓሊ ሥራ እስከዚያ ቀን ያላወጣው ዋጋ ነው። እንዲህ ካለው ሽያጭ ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ለሠዓሊው ሳይሆን ሥዕሉን ቀድሞ ለገዛው ነው። ቢሆንም ሥዕሉ መቼ እንደተሠራ፣ በማን እጅ እንዳለፈ፣ ከሽያጩ በፊት በስንት እንደተገመተ ተጽፎ ነበር። ዋጋው ተመዘገበ። ነገ ሌላ ሥዕሏን የሚሸጥ ሰው መነሻ አለው። የአዳራሹ 180 ሺህ ብር ግን ጭብጨባው ሲያባራ ጠፋ። ደረሰኙ ላይ እንኳ "ለልማት መዋጮ" ይላል እንጂ የሠዓሊው ስም የለበትም።

ብዙ አልጠይቅም። ሥዕል ለጨረታ ሲቀርብ ከካርዱ ጋር የሠዓሊው ስምና መነሻ ዋጋው አስቀድሞ ይላክ፤ ሰው ቤቱ ሆኖ ያስብበት። ከእራቱ በፊት ሥዕሉ ጨርቁ ተገፎ ይታይ፤ ከፈለጉ ይንኩት። መነሻ ዋጋው የሠዓሊው ይሁንና ከዚያ በላይ የመጣው ለትምህርት ቤቱ ይግባ። ደረሰኙ ላይ ስሙ ይጻፍ። መድረክ መሪውም ሰውን በሰፈሩና በሥራው እየጠራ ማናቆሩን ይተው። እጁን ያወረደ ሰው ልክ ሸማ ተራ እንዳለው ገዢ በክብር ይውረድ። መርዳት የፈለገ ደግሞ ሥዕልን ሰበብ ሳያደርግ በፖስታ አድርጎ ይስጥ፤ ስጦታው አያንስበትም።

ያ ወዳጄ በመጨረሻ ያለኝን ልንገራችሁ። "ሥዕሉን ቤት ወስደህ ስቀለው እንጂ" ስለው "ሚስቴ ስንት ገዛኸው ብትለኝስ?" አለኝ። የመርካቶ ሰው የገዛበትን ዋጋ ሚስቱ ፊት መናገር ካፈረ ነገሩ ንግድም፣ ስጦታም፣ ጥበብም አልሆነም ማለት ነው። በሬዎቹ እስካሁን ግድግዳውን እያዩ ጤፋቸውን ያበራያሉ።