ጅጅጋ በዘጋቢ ዓይን

እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ የጦርነቱን ዋዜማ እንዲዘግብ በለንደኑ «ዴይሊ ሜይል» ጋዜጣ ተልኮ እ.ኤ.አ. በ1935 ክረምት ጅጅጋ ደረሰ። በ1936 ባሳተመው «ዎ በአቢሲኒያ» እንደሚተርከው፣ በከተማይቱ አንድ ፈረንሳዊ ኮንት ከነሚስቱ በስለላ ተጠርጥሮ ተይዞ ነበርና ታላቅ ወሬ የጨበጠ መሰለው። በዚያው ሰሞን ግን አዲስ አበባ ላይ የሪኬት የነዳጅ ውል ይፋ ወጣና ዋናው ዜና አመለጠው። ውሉ የአገሪቱን ምሥራቅ፣ ዘጋቢው የቆመበትን ምድር ጭምር የሚያቅፍ መሆኑ ስላቁን ያከፋዋል።

ዎ በገዛ ሙያው ሲያፌዝ ወደር የለውም፤ በ1938 የወጣው «ስኩፕ» የተሰኘው ልብ ወለዱም የበቀለው ከዚሁ የዘጋቢነት ገጠመኝ ነው። ከከተማው ሕዝብ ዘንድ ሲደርስ ግን ብዕሩ ይዶለዱማል። ለሥራ የመጣ ባዕድ ቀኑን የሚገፋው በአስተርጓሚና በቴሌግራም መካከል ነው፤ ዎም ከዚያ አጥር አልወጣም። የሱማሌው አርብቶ አደርና የገበያው ሰው በመጽሐፉ ይታያሉ እንጂ አይናገሩም። (ነቀፋው ከመሃል አገር ተመድቦ ስለ ጅጅጋ የሚጽፈውንም ይነካል።) ሕዝቡን እንዲህ ድምፅ አልባ ያደረገ መጽሐፍ የኢጣሊያን ወራሪ ኃይል የመንገድ ሥራ እያወደሰ መዘጋቱ ድንገተኛ አይደለም።