ሃያ ሦስት ሲባዛ በአሥራ አራት

በብዙ ደብተሮች የጀርባ ሽፋን ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ታትሟል። አብዛኛውን ጊዜ በዝርዝር መልክ ነው፤ የ2 ለብቻው፣ የ3 ለብቻው፣ እያለ እስከ 12 ይሄዳል። ለማንበብ ይመቻል። በዜማ ለማለትም ይመቻል። የሰንጠረዡ አሠራር ግን በዚህ አቀማመጥ አይታይም። አሠራሩን ማየት የፈለገ ሌላውን ዓይነት፣ ባለ አራት ማዕዘኑን ያንሣ፤ ከላይ ከ1 እስከ 10፣ በግራ ጎን ከ1 እስከ 10፣ መሐል ላይ 100 ክፍል።

ከግራው የላይኛ ማዕዘን ወደ ቀኙ የታችኛ ማዕዘን አንድ ሰያፍ መሥመር ይወርዳል። 1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 25፣ 36፣ 49፣ 64፣ 81፣ 100። ወረቀቱ በዚህ መሥመር ላይ ቢታጠፍ ከላይ ያለው 42 ከታች ባለው 42 ላይ ያርፋል፤ 6 በ7 እና 7 በ6። ከሰያፉ ውጭ ያለ ቁጥር ሁሉ እንዲሁ ጥንዱን ያገኛል። ስለዚህ የሚጠናው 100 ሳይሆን 55 ነው። የ1 እና የ10 ሲነሡ 36 ይቀራል። የ2 ቁጥሩን በራሱ ላይ መደመር ነው፤ የ5 መጨረሻው ወይ 0 ወይ 5 ስለሆነ ልጆች ቶሎ ይይዙታል። ሁለቱ ሲወጡ 21 ይቀራል። የ9 ብዜቶች እስከ 90 ድረስ አኃዞቻቸው ተደምረው 9 ይሆናሉ፤ 18፣ 27፣ 36። አሥር ጣት ዘርግቶ አንዱን በማጠፍም ይገኛሉ። እነሱም ሲነሡ 15 ብቻ ይቀራሉ። ከ15ቱ 5ቱ ሰያፉ ላይ ያሉ፣ ቁጥር በራሱ የተባዛባቸው ናቸው። ድካም የሚጠይቁት እንግዲህ አሥር ናቸው፤ 7 በ8 ከእነሱ አንዱ ነው። ለልጅ ይህን ሳይነግሩ መቶውን በአንድ ጊዜ ማሸከም አይገባኝም።

ሰያፉ ሌላም ሥራ አለው። 49 ላይ ጣት ይቀመጥ። አንድ ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ቀኝ ሲሄዱ 48 ነው፤ 6 በ8። ከ64 ተነሥቶ እንዲሁ ሲኬድ 63፣ ከ25 ሲኬድ 24። ሁልጊዜ 1 ይጎድላል። ከ49 ሁለተኛው እርምጃ 45 ላይ ያደርሳል፤ 4 ጎደለ። ሦስተኛው 40 ላይ፤ 9 ጎደለ። የሚጎድሉት 1፣ 4፣ 9 ራሳቸው የሰያፉ ቁጥሮች ናቸው። 7 በ7ን የያዘ ልጅ 6 በ8ን ለብቻው መሸምደድ የለበትም።

24 በዚሁ ሰንጠረዥ ውስጥ አራት ቦታ ይገኛል፤ 3 በ8፣ 4 በ6፣ 6 በ4፣ 8 በ3። ይህን ለማሳየት መሣሪያ መሥራት አያስፈልግም። የለስላሳ መጠጥ ሣጥን 24 ጠርሙስ ይይዛል፤ 4 ረድፍ፣ በያንዳንዱ ረድፍ 6። የእንቁላል ትሪ 30 ይይዛል፤ 5 በ6። ቆርኪ ደግሞ ከየትም ይለቀማል።

24 ቆርኪ በ4 ረድፍ መደርደር ቀላል ይመስላል፤ ጥንቃቄው ያለው ክፍተቱ ላይ ነው። በረድፍና በረድፍ መካከል ያለው ክፍተት በቆርኪና በቆርኪ መካከል ካለው ከሰፋ ዓይን አራት ቡድን ያያል፤ በየቡድኑ ስድስት። ለመጀመሪያው ትምህርት ትክክለኛው አደራደር ይህ ነው፤ ማባዛት እኩል ቡድኖችን ደጋግሞ መደመር መሆኑ የሚታየው እዚህ ላይ ነውና። ቀጥሎ ክፍተቶቹ እኩል ይደረጋሉ። ያን ጊዜ አራት ባለ ስድስትም፣ ስድስት ባለ አራትም አንድ ላይ ይታያሉ። ዓይን የፈለገውን ይመርጣል። ከዚያ የእንቁላሉ ትሪ ሩብ ዙር ይዞራል። እንቁላል አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም፤ 5 በ6 የነበረው 6 በ5 ሆነ። ሁለቱን አደራደሮች ቀላቅሎ በአንድ ቀን የሚያቀርብ መምህር ግማሹን ክፍል ግራ ያጋባል። ቅደም ተከተሉ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከቆርኪ ወደ ባለ ካሬ ወረቀት የሚታለፈው ቁጥሩ ሲበዛ ነው። ለ23 በ14 ቆርኪ ቢደረደር 322 ይፈጃል፤ ጠረጴዛም አይበቃውም። ካሬው ግማሽ ሴንቲ ሜትር በሆነ ወረቀት ላይ ግን 23 በ14 ማለት 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል በ7 ሴንቲ ሜትር ነው። በደብተር ገጽ ላይ ያለ ችግር ያርፋል፤ ከሥሩም ስሌቱን ለመጻፍ ቦታ ይተርፋል።

ሬክታንግሉ ከተሠመረ በኋላ ሁለት መሥመር ይጨመራል። አንዱ በቁመት፣ ከ20ኛው ካሬ በኋላ። አንዱ በአግድም፣ ከ10ኛው ካሬ በታች። አራት ቁራጭ ይወጣል። ትልቁ 20 በ10 ነው፤ 200። ከሥሩ 20 በ4፤ 80። በቀኙ ቀጭኑ 3 በ10፤ 30። ማዕዘኑ ላይ የቀረችው ትንሿ 3 በ4፤ 12። ቁጥሩ በየቁራጩ መሐል ይጻፋል። ድምሩ 322 ነው። መሥመሮቹ ሌላ ቦታ ላይ ቢያልፉ፣ ለምሳሌ ከ15ኛው ካሬ በኋላ፣ ውጤቱ ያው ነበር። 20 እና 10 የተመረጡት በ10 እና በ20 ማባዛት በቃል ስለሚያልቅ ብቻ ነው። ተማሪው አንድ ጊዜ የፈለገው ቦታ ላይ ከፍሎ እንዲሞክር ቢተው ይህን ራሱ ያገኘዋል፤ የጠፋው ጊዜም አያስቆጭም።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንመለስ። የ23 እና የ14 አኃዞች 1፣ 2፣ 3፣ 4 ናቸው፤ አንዱም አልተደገመም። በምትካቸው 22 በ22 ቢጻፍ ሰሌዳው ላይ አራት 2 ይሰለፋሉ። የትኛው 2 የትኛውን እንዳባዛ መምህሩ በጣቱ ካላሳየ አይለይም። ከአራቱ ቁራጮች ሁለቱ እኩል 40 ይሆናሉ፤ ተማሪው አንዱን ቢረሳ ወይም ሁለት ጊዜ ቢደምር ስሕተቱ የት እንደገባ ለማወቅ ያስቸግራል። በ23 እና በ14 ግን 200፣ 80፣ 30፣ 12 ተለያይተው ይቆማሉ። ከተማሪው ደብተር ላይ 242 የተገኘ እንደሆነ 80 እንደቀረ ወዲያው ይታወቃል። 292 ከሆነ የቀረው 30 ነው። ሲባዛ በእጅ የሚያዝ ቁጥርም አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰሌዳ ፊት ቆሞ በድንገት አይመጣም። መምህሩ ማታ ቁጭ ብሎ መርጦት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ቁልቁል የሚጻፈው ስሌት የሚመጣው። 23 ከላይ፣ 14 ከሥሩ፣ አንድ ቤት ከአንድ ቤት፣ አሥር ቤት ከአሥር ቤት ጋር ተስተካክሎ። ባለ ካሬው ወረቀት እዚህም ያገለግላል፤ ለአንድ አኃዝ አንድ ካሬ። 4 ሲባዛ በ3፣ 12። 2 ይጻፋል፣ 1 በእጅ ይያዛል። ይህ 1 አንድ አሥር ነው፤ ከትንሿ ቁራጭ 12 ተነሥቶ ወደ አሥር ቤት የሄደ። 4 ሲባዛ በ2፣ 8፤ በእጅ ያለው ሲጨመር 9። የመጀመሪያው ረድፍ 92 ሆነ። ወረቀቱ ላይ ከአግድሙ መሥመር በታች ያሉት ሁለቱ ቁራጮች 80 እና 12 ናቸው፤ 92። ሁለተኛው ረድፍ 230 ነው፤ ከመሥመሩ በላይ ያሉት 200 እና 30። አራቱ ቁራጮች ሁለት ረድፍ ውስጥ ገቡ። አንድም ካሬ አልጠፋም።

ሁለተኛውን ረድፍ ሲጀምሩ ከቀኝ አንድ ቤት ባዶ መተው፣ ወይም ነጥብ ወይም የኤክስ ምልክት ማድረግ የተለመደ ነው። ያፈጥናል። ለጀማሪ ግን 0 መጻፍ ይሻላል ባይ ነኝ። 0 ሲጻፍ ረድፉ 230 ተብሎ ይነበባል፤ ባዶ ሲተው 23 ይመስላል፤ 23 ካሬ የያዘ ቁራጭ ደግሞ በሬክታንግሉ ውስጥ የትም የለም። ልጁ ባዶውን ቦታ «ሕጉ ነው» ብሎ ከያዘው ሦስት አኃዝ ባለው አባዢ ላይ ሲደርስ ስንት ቦታ እንደሚተው ይጠይቃል። 0 የጻፈው አይጠይቅም።

በእጅ የሚያዘው ቁጥር የራሱ ችግር አለው፤ ለዚህ 48 በ37 ጥሩ ፈተና ነው። 7 ሲባዛ በ8፣ 56። 6 ይጻፋል፤ 5 ከ4 በላይ በትንሹ ይቀመጣል። 7 ሲባዛ በ4፣ 28፤ 5 ሲጨመር 33። ረድፉ 336 ነው። አንዳንድ ተማሪ 636 ያመጣል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ 5ቱን መጀመሪያ ከ4 ጋር ደምሮ 9 አደረገና በ7 አባዛ፣ 63። 5ቱ ግን አስቀድሞ የተባዛ ነው፤ ዳግመኛ መባዛት የለበትም። ወደ ሬክታንግሉ ቢመለስ ስሕተቱ ያለ ክርክር ይታያል፤ 40 በ7 280 ነው፣ 8 በ7 56 ነው፣ 600 የሚያስገባ ቦታ የለም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ደግሞ 3 ሲባዛ በ8፣ 24፤ 2 በእጅ ይያዛል። የፊተኛው 5 እዚያው ከ4 በላይ ተቀምጦ ከሆነ 2 ከጎኑ ይመጣና ልጁ 7 ይደምራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ረድፍ እንዳለቀ 5ቱ በቀጭን ሰረዝ ይሰረዛል። በላጲስ አይጠፋም፤ ስሌቱን ለሚያርም ሰው ማስረጃው እሱ ነው። 336 እና 1440፣ 1776።

መሐሉ ላይ 0 ያለበት ቁጥር፣ ለምሳሌ 207፣ በሬክታንግል ሲሠራ ከሚፈራው ይቀላል። በቁመት የሚከፈለው 200 እና 7 ነው፤ የአሥሮች ቁራጭ የለም። በ34 ሲባዛ ረድፎቹ 828 እና 6210፣ ድምሩ 7038።

በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚል ስም የተሰጠው ዘዴ አለ። «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዣ» የሚሉትም አሉ። በብሪቲሽ ሙዚየም ያለው የራይንድ ፓፒረስ፣ ከ3,500 ዓመት በፊት አሕሜስ የተባለ ግብፃዊ ጸሐፊ የገለበጠው፣ የቅርብ ዘመዱ በሆነ ዘዴ ይሠራል፤ ቁጥርን ደጋግሞ እጥፍ እያደረጉ የሚፈለጉትን መርጦ መደመር። «የኢትዮጵያ» ለተባለው ዘዴ የሚያስፈልገው ግማሽ ማድረግ፣ እጥፍ ማድረግና መደመር ብቻ ነው። በግራ 23 ይጻፍ፤ ግማሹ እየተወሰደ፣ ትራፊው እየተጣለ ይውረድ፤ 23፣ 11፣ 5፣ 2፣ 1። በቀኝ 14 እጥፍ እየሆነ ይውረድ፤ 14፣ 28፣ 56፣ 112፣ 224። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበት ረድፍ ይሰረዛል። ያ 2 ነው፤ አብሮት 112 ይሰረዛል። የቀሩት 14፣ 28፣ 56 እና 224 ሲደመሩ 322።

112 የተጣለው 8 ጊዜ 14 ስለሆነ ነው። 23 የተገነባው ከ16፣ ከ4፣ ከ2 እና ከ1 ነው፤ 8 አልገባበትም። በሬክታንግሉ ላይ ከተሠራ ደግሞ 23ቱ ካሬ በቁመት 16፣ 4፣ 2 እና 1 ተብሎ ይከፈላል፤ ቁመቱ 14 እንዳለ ይቆያል። አራት ቁራጭ እንደገና፣ ግን ሌሎች። ለአራተኛ ክፍል ይህን የማሳየው ቁልቁሉ ስሌት ከጸና በኋላ ነው፤ ሲታይም በእነዚሁ በ23 እና በ14 ላይ፣ የመጀመሪያው ወረቀት ሳይቀደድ ከጎኑ ተቀምጦ።