ያልተጻፈው ቅርፊት፦ የኦንታሪዮ ባተር ታርት በዳኞች ፊት

በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ግዛት በምትገኘው የባሪ ከተማ፣ የሮያል ቪክቶሪያ ሆስፒታል የሴቶች አጋዥ ማኅበር በ1900 እ.ኤ.አ. አንድ የምግብ አሠራር መጽሐፍ አሳተመ። ገቢው ለሆስፒታሉ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ወይዘሮ ማልኮም ማክላውድ ለታርት የሚሆን ሙሌት አበርክተዋል፦ አንድ ስኒ ስኳር፣ ግማሽ ስኒ ቅቤ፣ ሁለት እንቁላል፣ አንድ ስኒ ከረንት፣ ማለትም ደቃቅ ጥቁር ዘቢብ። ዛሬ መላ ኦንታሪዮ የራሱ አድርጎ የሚቆጥረው ባተር ታርት፣ በሊጥ ቅርፊት የሚጋገረው፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባው የቅቤና የስኳር ጣፋጭ፣ በጽሑፍ ሲጠቀስ የሚነሣው ቀዳሚ ምስክር ይህ አጭር አሠራር ነው።

ሁለት ነገሮች ጎድለውታል። አንደኛው የሴትየዋ የራሳቸው ስም ነው፤ ማልኮም የባላቸው ስም ነው፣ የዘመኑ ወግ ያገባችን ሴት በባሏ ስም ይጠራ ነበርና። ሁለተኛው ቅርፊቱ ነው። አሠራሩ ሙሌቱን ብቻ ይሰጣል፤ ሊጡ በምን እንደሚታሽ፣ ምን ያህል ሳስቶ እንደሚዳመጥ አይናገርም። የባተር ታርት ታሪክ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በተጻፈው ላይ ነው፤ ስኳሩን፣ ዘቢቡን፣ ዓመተ ምሕረቱን ያነሣሉ። እኔ ግን የዚህ ምግብ ሙያ ያለው ባልተጻፈው ውስጥ ነው እላለሁ። ያንን ያልተጻፈውን እስከ ዛሬ ተሸክሞ ያቆየውም መጽሐፍ ሳይሆን ውድድር ነው።

ዝምታው ከግዴለሽነት የመጣ አይደለም። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ጎረቤት ለጎረቤት የሚያዘጋጃቸው ነበሩ። ቶሮንቶ ውስጥ ለሕጻናት ሆስፒታል መርጃ ተብሎ በ1877 የታተመው መጽሐፍ በካናዳ የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ሆኖ ይጠቀሳል፤ ከዚያ ወዲህ አብያተ ክርስቲያናትና የሴቶች ማኅበራት ተከታትለው የየራሳቸውን አወጡ። አንባቢዋ ሊጥ መሥራት ከእናቷ የተማረች ባለሙያ ናት ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ለእሷ ሊጥ ማስተማር እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር። እኛም ዘንድ ቢሆን የድፎ ዳቦን ሊጥ «እስኪበቃው እሺው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ተማሪዋን አልናቃትም፤ እጇን አምኗታል።

ቅቤውና እንቁላሉም የሴቶቹ ነበሩ። በዚያ ዘመን በኦንታሪዮ የእርሻ ቤቶች ወተቱን የምትንጠው፣ ዶሮዎቹን የምትመግበው፣ የተረፈውን ገበያ አውጥታ የራሷን ጥሪት የምትይዘው የቤቱ እመቤት ናት። ፍራፍሬ በማይገኝበት ረጅም ክረምት እጅ ላይ የሚቀረው ቅቤ፣ እንቁላል፣ ስኳርና የደረቀ ዘቢብ ነው። ታርቱ የተወለደው ከዚህ ጓዳ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ብዙዎች የሚወዱት የትውልድ ታሪክ ግን ሌላ ነው። ከ1663 እስከ 1673 የፈረንሳይ ንጉሥ ወደ ኬቤክ የላካቸው፣ ስምንት መቶ ገደማ የሚሆኑ ወጣት ሴቶች ባገኙት ቁሳቁስ የስኳር ታርት ጋግረው ነበር፤ ባተር ታርትም የዚያ ልጅ ነው ይባላል። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ማስረጃው ግን ቀጭን ነው። በነዚያ ሴቶችና በባሪው መጽሐፍ መካከል ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ይዘረጋል፣ ያንን ክፍተት የሚሞላ ሰነድም አይቀርብም። ይልቅ በስኮትላንድ ድንበር አካባቢ በቅቤ፣ በስኳር፣ በእንቁላልና በዘቢብ የሚሠራው ታርት የቅርብ ዘመድ ይመስላል፤ ኦንታሪዮን በብዛት ካሰፈሩት ሕዝቦች አንዱ ስኮትላንዳዊ ነው፣ ማክላውድም የስኮትላንድ ስም ነው። ይህም ቢሆን አቅጣጫ ያመለክታል እንጂ አያረጋግጥም። የንጉሡ ሴቶች ተረት የተወደደው አገሩን ከነምግቡ ወደ ጥንት ስለሚያዘልቅ ነው፤ ይህን ምኞት ልንረዳው እንችላለን፣ እንደ ታሪክ ልንቀበለው ግን አይገባም።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ፋብሪካው ወደ ጓዳው ገባ። የዱቄት ኩባንያዎች የራሳቸውን የአሠራር መጻሕፍት በየቤቱ አሠራጩ፤ የበቆሎ ሽሮፕም ወደ ሙሌቱ ተቀላቀለ። ሽሮፑ የገባው ለጣፋጭነት ብቻ አይደለም። የቀለጠ ስኳር ሲቀዘቅዝ መልሶ ፍሬ ፍሬ መሆን ይወዳል፤ ሽሮፑ ይህን ስለሚከላከል ሙሌቱ ልስልስ ብሎ ይቀራል። ጥቂት ኮምጣጤ ወይም ሎሚ የሚጨምሩትም አሉ፤ ጣፋጩን ይሰብርላቸዋል። የቀረው የእንቁላሉና የሙቀቱ ጉዳይ ነው። ከምድጃው ቶሎ የወጣው ሲቆረጥ ይፈሳል፣ የቆየው ይረጋል። የሚፈስሰው ይሻላል ወይስ የረጋው? ዘቢብ ይግባበት ወይስ አይግባበት? ኦንታሪዮ ውስጥ በዚህ የማይከራከር ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል፤ ሁሉም የሚከራከረው ለአያቱ ነው።

ይህ ክርክር አደባባይ የወጣባት ከተማ ሚድላንድ ናት። እንደ ባሪ በሲምኮ ካውንቲ ውስጥ፣ በጆርጂያን ቤይ ዳር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከ2013 ጀምሮ በበጋ መግቢያ የባተር ታርት ፌስቲቫል ታዘጋጃለች። ዋናው መንገድ ለመኪና ይዘጋል፤ ከየአቅጣጫው የመጡ ጋጋሪዎች ድንኳን ይተክላሉ፤ በአንድ ቀን ከ100,000 በላይ ታርት ይሸጣል። ውድድሩም አብሮ ይካሄዳል፤ ነጋዴዎቹና የቤት ጋጋሪዎቹ በየምድባቸው፣ ባህላዊው ታርትና በአዲስ ጣዕም የተሠራው ደግሞ ለየብቻ ይዳኛሉ።

ታርት እንዴት እንደሚዳኝ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ዋናው ነገር እዚያ ነውና። ልምድ ያለው ዳኛ ለመቅመስ አይቸኩልም። መጀመሪያ ታርቱን አንሥቶ ይገለብጠዋል። የሥረኛው ቅርፊት ነጣ ካለና እርጥበት ከያዘ፣ ላዩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሊጡ ሳይበስል ወጥቷል ማለት ነው። ከዚያ ጠርዙን ያያል፤ ሙሌቱ ሞልቶ ፈስሶ ከሆነ ስኳሩ ጠርዙ ላይ አርሮ ተጣብቋል። ቀጥሎ በቢላዋ ከመካከሉ ይከፍለዋል። ቅርፊቱ በቢላዋው ሥር ተሰባብሮ ንብርብሩን ማሳየት አለበት፤ እንደ ቆዳ ከተጎተተ ወይም እንደ ብስኩት ከደረቀ ነጥቡ ይወርዳል። ሙሌቱ ከተቆረጠበት ቀስ ብሎ ሲወጣ ወይም ባለበት ሲቆም ይመለከታል። ምላሱ ላይ የሚያኖረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ከነዚህ መመዘኛዎች የሚበዙት የቅርፊቱ ናቸው። ስቡ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ፉርኖ ዱቄቱ ውስጥ የአተር ፍሬ እያከለ ሲቀር፣ ምድጃ ውስጥ ቀልጦ ንብርብሩን ይለያያል። የሞቀ እጅ ስቡን አስቀድሞ ያቀልጠዋል። ውሃ ከበዛበትና አለልክ ከታሸ ደግሞ ሊጡ ይጠነክራል። ይህንን ስኒ አይለካውም፤ እጅ ነው የሚያውቀው። (ብዙ ጋጋሪዎች ሊጡን የሚያሹት በአሳማ ስብ ስለሆነ፣ ቶሮንቶና አካባቢዋ ያለ ሐበሻ አንባቢ ሳይጠይቅ ባይበላ ይሻለዋል።) ወይዘሮ ማክላውድ መጻፍ ያላስፈለጋቸውን ነገር ዳኛው ዛሬ በቢላዋ እየከፈተ ይመረምረዋል።

ስለዚህ ውድድሩን የከተማ ማስታወቂያ ብቻ አድርገው የሚያዩት ተቺዎች ግማሹን ብቻ አይተዋል። ማስታወቂያነቱን አልክድም። የኦንታሪዮዎቹ ዌሊንግተን ኖርዝና የካዋርታ አካባቢ፣ ጎብኚን ከዳቦ ቤት ወደ ዳቦ ቤት በሚመሩት የባተር ታርት መስመሮቻቸው ስያሜ ምክንያት በሕግ እስከ መፈላለግ ደርሰው ነበር። በ2019 የካናዳ ፖስታ አገልግሎት ታርቱን ቴምብር ላይ አትሞታል። ገንዘቡና ክብሩ በበዛ ቁጥር ለዓይን የሚገዝፈው ይጎላል፤ በቸኮሌት፣ በቤከን፣ በአይብ የተሞላው ታርት ፎቶ ላይ ይደምቃል። የቅርፊቱ ሥር ግን ፎቶ አይነሣም። በእኔ ግምት የውድድሩ እውነተኛ አደጋ ይህ ነው፤ ተራ በሚመስለው ታርት ላይ የፈሰሰው ሙያ አዲስ ጣዕም ባመጣው ጭብጨባ ሊዋጥ ይችላል። የቤት ጋጋሪዎች ባህላዊ ምድብ ስለዚህ የውድድሩ እምብርት ሆኖ መያዝ አለበት፤ ለጨዋታው ማሟያ ተደርጎ መታየት የለበትም።

«ባህላዊ» የሚለው ስም ራሱም ሊመረመር ይገባል። የሸንኮራ ስኳሩም ከረንቱም ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው፤ የበቆሎ ሽሮፑ የፋብሪካ ሥራ ነው። ሦስቱም ባህላዊ ይባላሉ። በአንጻሩ የሜፕል ዛፍን ወለላ አፍልቶ ሽሮፕና ስኳር ማድረግን የአካባቢው ነባር ሕዝቦች፣ ከነሱም አኒሺናቤዎች፣ ሰፋሪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ያውቁት ነበር። ሆኖም ሜፕል የገባበት ታርት ብዙ ጊዜ «ልዩ ጣዕም» ተብሎ ለብቻ ይሸጣል። ሚድላንድ ራሷ የቆመችው በዌንዳት ሕዝብ ጥንታዊ ምድር ላይ ነው፤ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በ1639 የሠሩት የሴንት ማሪ ሰፈር ከከተማዋ አጠገብ ነበር። በዚያ ምድር ላይ ስለ አካባቢ ጣዕም የሚዳኝ ሁሉ የትኛው ማጣፈጫ የምድሪቱ፣ የትኛው በመርከብ የመጣ እንደሆነ ቢያንስ ማወቅ ይኖርበታል።

ከሚድላንድ ፌስቲቫል እጅግ የሚቀድሙት የገጠር የመኸር ባዛሮች ናቸው። ባዛሮቹን ከሚያዘጋጁት የግብርና ማኅበራት በኦንታሪዮ የመጀመሪያው የተቋቋመው በ1792 በናያጋራ ነበር፤ በ1897 ደግሞ በስቶኒ ክሪክ የሴቶች ተቋም ተመሥርቶ፣ የቤት ውስጥ ሙያ እንደ ማንኛውም ዕውቀት ሊጠና የሚገባው ነው ብሎ ተነሣ። በባዛሮቹ ታርት ዛሬም በሳህን ላይ፣ ቁጥሩ ተለክቶ፣ ከመወዳደሪያ ካርድ ጋር ይቀርባል። ለልጆች የተለየ ምድብ ያላቸውም አሉ። ሥራውን የሚወድ ዳኛ ሽልማት ያላገኘችው ልጅ ካርድ ላይ እንኳ አንዲት መስመር ይጽፋል፦ ሥሩ አልበሰለም፤ ሊጡ ብዙ ታሽቷል፤ በሚቀጥለው ስቡን አቀዝቅዢው። የቅርፊቱ ዕውቀት ወደ ጽሑፍ የሚመጣበት አንዱ አጋጣሚ ይህ ነው። ካርዱ ግን ባዛሩ ሲያልቅ ከሳህኑ ጋር ወደ ቤት ይሄዳል። የየአካባቢው ቤተ መዛግብት የታተሙትን የምግብ መጻሕፍት እንደሚሰበስቡ ሁሉ እነዚህን ካርዶች፣ የጋጋሪዋን ሙሉ ስምና የዳኛውን አስተያየት እንደያዙ፣ ከየባዛሩ ኮሚቴ ከዚህ መኸር ጀምሮ መረከብ ይችላሉ።