ቀጣዩን ኪታብ ማን ይምረጥ?

ከኑኑ ቁምባ ተነሥቶ ነቀምቴ ኪታብ ሊቀራ የመጣ ደረሳ አንዱን ሲያኸትም «ቀጥሎ የቱን ልቅራ?» ብሎ ብዙም አይጨነቅም። በሻፊዒይ ፊቅህ የአቡ ሹጃዕን መትን ያጠናቀቀ ወደ ኢብን ቃሲም አል-ገዚይ ሸርሕ፣ ከዚያም ወደ አል-ባጁሪይ ሓሺያ ይሻገራል፤ ኪታብ ኪታብን ይጠራል።

ለዚህ ሥርዓት መሠረት አለው። አዝ-ዘርኑጂ (ረሒመሁላህ) በ«ተዕሊም አል-ሙተዐሊም» ተማሪ የዕውቀቱን ዘርፍ ራሱ እንዳይመርጥ፣ ለመምህሩ እንዲተው ይመክራሉ፤ ለማን ምን እንደሚስማማ መምህሩ በልምድ ያውቃልና። እኛም በመድረሳ ጥቅሙን አይተናል። በዩኒቨርሲቲ ግን አንባቢን ወደ ቀጣዩ መጽሐፍ የሚመራው የራሱ ጥያቄ ነው።

የመምህሩ ምርጫ ወደ ልማድ ብቻ ሲወርድ ግን ይጎዳል። በ808 ዓ.ሂ. የሞቱት ኢብን ኸልዱን በ«ሙቀዲማ»ቸው የአጫጭር መትኖችን መብዛት ነቅፈዋል፤ ጀማሪው ጉዳዩን ሳይረዳ የታመቀ ቃል በመፍታት ይደክማልና። የወለጋው ደረሳ ድካም ደግሞ እጥፍ ነው፦ መትኑ በዐረብኛ፣ የሸይኹ ማብራሪያ በአፋን ኦሮሞ፣ እጁ የሚገባው ትርጉም ደግሞ፣ በ1961 ዓ.ም. እንደታተመው የቁርኣን ትርጉም፣ በአማርኛ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁኔታ ኪታብ መጨረስና ኪታብ መረዳት ይለያያሉ።

ስለዚህ ቀጣዩን ኪታብ ሸይኹ ይወስኑ እንላለን፤ ከመወሰናቸው በፊት ግን ደረሳው ያለፈውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያስረዳ፣ ያልተፈታለትንም ጥያቄ ይናገር። ማስረዳት ካቃተው ቀጣዩ ኪታብ ያው የጨረሰው መትን ነው። ኢብን ኸልዱንም አንዱን ዕውቀት በሦስት ዙር መደጋገምን ያስተምራሉ። ወሏሁ አዕለም።