ብርድ የቀመሰ ቲዩብ እንዴት ይመዘናል?

ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ለአምፕሊፋየር የሚሆን ቲዩብ ቢያመጣልዎና ካርቶኑ ላይ «በጥልቅ ቅዝቃዜ የታከመ» የሚል ቢያነቡ፣ ዕቃው ከተራው ቲዩብ በበለጠ ዋጋ እንደተገዛ ይወቁ። ሕክምናው ምሥጢር የለውም። ቲዩቡ በናይትሮጅን ኃይል በሚቀዘቅዝ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚፈላው ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ነውና፣ ቲዩቡም ለሰዓታት ቀስ እያለ ወደዚያ ግድም ይወርዳል፤ አንድ ቀን ያህል ቆይቶ ደግሞ ቀስ እያለ ይመለሳል። ዝግታው ለወግ አይደለም። መስታወቱና በመስታወቱ ውስጥ የሚያልፉት የብረት እግሮች እኩል ካልተኮማተሩ መገጣጠሚያው ይሰነጠቃል፣ አየር ይገባል፣ ቲዩቡም ያበቃለታል። ከደባርቅ በላይ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ የሚያድረው የስሜን ውርጭ ከዚህ ጋር ሲተያይ ሙቀት ነው።

ሻጮቹ እንደሚሉት ብርዱ የብረቱን ውስጣዊ ውጥረት ያረግባል፣ ድምፁንም ያጠራል። የዚህ አባባል እውነተኛ ግማሽ ከሌላ ሙያ የተወሰደ ነው። የተነከረ የብረት ቢላዋ ወይም የማሽን ጥርስ ውስጥ ሳይጠነክር የቀረ ክፍል አለ፤ ብርዱ ያንን ክፍል ያጠነክረዋል፣ ይህም በተግባር የታየ ነገር ነው። የቲዩብ ሆድ ዕቃ ግን ሌላ ነው። ድምፁን የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖች የሚወጡበት ካቶድ የኒኬል ቱቦ ሲሆን ባሪየምና ስትሮንሺየም ኦክሳይድ ተቀብቷል፤ አምፕሊፋየሩ በተከፈተ ቁጥርም ከ700 ዲግሪ በላይ ይግላል። ብርዱ እዚያ ላይ ያሳረፈው ነገር አለ ቢባል እንኳ፣ ይህን ሁሉ ግለት ተሻግሮ እንዴት እንደሚኖር የሚያሳምነኝ ማስረጃ እስካሁን አላየሁም።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ታክመው የሚሸጡት ቲዩቦች ብዙ ጊዜ ጥሩ ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጠንቃቃ ሻጭ ከማቀዝቀዙ በፊትም በኋላም ይለካል፣ የሚያንሾካሹከውን ይጥላል፣ የሚመሳሰሉትን ያጣምራል። ገዢው ለብርዱ የከፈለ ይመስለዋል እንጂ የከፈለው ለወንፊቱ ነው። ስለዚህ ካርቶኑን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚፈልጉት ወረቀት ይሁን፦ የእያንዳንዱ ቲዩብ ከረንትና የማጉላት መጠን በቁጥር የተጻፈበት። ጥንዶቹ ተቀራራቢ ከሆኑ ገንዘቡ በከንቱ አልፈሰሰም። ወረቀቱ ከሌለና ያለው የብርድ ወሬ ብቻ ከሆነ ተራውን መግዛት ይሻላል።

ዓይንም የራሱ ድርሻ አለው። በመስታወቱ ውስጥ እንደ መስተዋት የሚያበራው ብርማ ቅብ ባሪየም ነው፤ ሥራው የቀረችውን ጥቂት አየር መዋጥ ነው። ወተት ከመሰለ ቲዩቡ አየር ገብቶበታል፤ ብርዱ ወይም መንገዱ ሰንጥቆታል ማለት ነው። በቅቡ ስፋት ጥራትን የሚለኩ ሰዎች ግን ትርፋቸው ድካም ነው። መስታወቱ ላይ በታተመው ስምም እንዲሁ። ሙላርድ የእንግሊዝ ፋብሪካ ስም ነበር፤ ዛሬ በዚያው ስም አዲስ የሚሸጠው ቲዩብ የሚሠራው ሩሲያ ውስጥ ሳራቶቭ ከተማ ነው። መጥፎ ነው አላልኩም፤ የድሮው እንዳልሆነ ግን ይታወቅ።

አሁን ወደ ሶኬቱ። ደባርቅም ሆነ ዳባት ላይ ቲዩብ የሚሞክር ሰው ብርዱን ትቶ በመጀመሪያ ቮልቱን ይለካ። የአብዛኛው ትንንሽ ቲዩብ ማሞቂያ ክር 6.3 ቮልት ይፈልጋል፤ የሚፈቀድለት ልዩነት ከመቶ 10 ነው፣ ማለትም ከ5.7 በታች መውረድ የለበትም። አምፕሊፋየሩ ለ220 ቮልት ከተሠራና ማታ የጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ ሲጣድ መስመሩ ወደ 190 ከወረደ፣ ለክሩ የሚደርሰው 5.4 ገደማ ብቻ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ እንደሚበላ ላሰበ ሰው ይህ አይደንቅም። ከፍተኛው ቮልቴጅም አብሮ ይወርዳልና የአምፕሊፋየሩ ጉልበት ሩቡን ያህል ያጣል። በዚህ ሰዓት የሚሰማው የድምፅ ለውጥ ማንኛውም ሕክምና ከሚያመጣው ይበልጣል። የታከመውን ጠዋት፣ ያልታከመውን ማታ የሰማ ሰው እያመዛዘነ ያለው ሁለት ቲዩብ ሳይሆን የሠፈሩን እራት ነው።

ስታብላይዘር ይግዙ። ርካሹ ዓይነት በደረጃ እየዘለለ «ቀጭ» ይላል፤ ያም በሙዚቃው መካከል ይሰማል። በሞተር ቀስ ብሎ የሚያስተካክለው ይሻላል። መብራት ሄዶ ሲመለስም አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ ይቆይ፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መስመሩ የሚናወጥባቸው ናቸው። ከአሜሪካ የመጣ አምፕሊፋየር ከሆነ ደግሞ ቮልት ማውረጃ ትራንስፎርመር ብቻውን አይበቃም። እዚያ መስመሩ 60 ኸርዝ፣ እኛ ጋ 50 ነው፤ ለ60 ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር እዚህ ይግላል፣ ያጉረመርማልም። ጉርምርምታውን በቲዩቡ አያሳቡ። (ክዳኑን መክፈት ያማረው ሰው ይህን ያስብ፦ ውስጡ ከ250 ቮልት በላይ አለ፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል።)

ከፍታውም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። አምፕሊፋየሩን የሚያቀዘቅዘው ይኸው አየር ስለሆነ፣ ክፍሉ ቢበርድም ቁም ሣጥን ውስጥ የተወሸቀ ትራንስፎርመር ከሚገባው በላይ ይግላል። ዙሪያውን ክፍት ይተዉለት።

ማዳመጡ ጋ ስንደርስ ሰው ሁሉ ራሱ በሚያውቀው ድምፅ ይፈትን። የኔ መፈተኛ መሰንቆ ነው። አንድ አውታር ብቻ ያለው፣ አውታሩም ደጋኑም የፈረስ ጭራ የሆነ፣ ቆዳ የለበሰ ሣጥን፤ ዳባት ሠርግ ቤት ተቀምጦ አዝማሪውን በክንድ ርቀት የሰማ ሰው ጭራ በጭራ ላይ ሲሄድ የሚወጣውን ሻካራ ፍትጊያ አይረሳውም። ቲዩብ በባሕርዩ ከእያንዳንዱ ድምፅ በላይ እጥፍ የሆነውን ድምፅ በጥቂቱ ይጨምራል፤ ይህ ከዜማው ጋር ስለሚስማማ መሰንቆው ከእውነቱ ወፍራምና ጣፋጭ ይሆናል። ያምራል፣ እኔም እወደዋለሁ። የታከመው ቲዩብ ሲገባ ግን ፍትጊያው ጠፍቶ ቅባት የተቀባ ድምፅ ከመጣ፣ «ጠራ» አይበሉ፤ የጎደለ ነገር አለ።

በገና ከዚህም የባሰ ፈታኝ ነው። ዓለሙ አጋ የደረደሩት በገና «ኢትዮጲክስ» በተባለው ተከታታይ አልበም 11ኛ ቁጥር ላይ ይገኛል። ከአሥሩ አውታሮች ሥር የሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች፣ እንዚራዎቹ፣ ያንን የሚያንዛርር ድምፅ ይሰጡታል። ንዝረት የሚቀበል መጥፎ ቲዩብም ያንዛርራል! ሁለቱን የሚለየው አሟሟታቸው ነው። የበገናው ነዛሪ ከአውታሩ ጋር ይጀምራል፣ ከአውታሩ ጋር ይከስማል፤ የቲዩቡ ግን በተወሰኑ ድምፆች ላይ ብቻ እየተነሣ ዜማው ካለፈ በኋላም ይጮኻል። ጥርጣሬ ካለ አምፕሊፋየሩ ክፍት እንዳለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መስታወቱን በእርሳስ ጫፍ ቀስ አድርጎ መንካት ነው። ስፒከሩ እንደ ደወል ከመለሰ፣ ያ ቲዩብ ቢታከምም ባይታከምም ለመጀመሪያው ማጉያ አይሆንም። ከጎንደር ወዲህ ያለውን መንገድ በመኪና እየተንገጫገጨ የመጣ ዕቃ ሁሉ ይህ ፈተና ይገባዋል።

ለኃይል ቲዩቦቹ ጌታቸው መኩሪያን ያጫውቱ። በ1972 እ.ኤ.አ. ፊሊፕስ ባሳተመው ሸክላ ላይ ሽለላን በሳክስፎን ሲያወርደው፣ ደካማ ጥንድ ልክ ጩኸቱ ጫፍ ሲደርስ ይሰበራል።

በዕድሜ የገፉ ሰዎች «የድሮው ራዲዮ ድምፅ» ሲሉ እሰማለሁ። ብሥራተ ወንጌል ከ1963 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ሲያስተላልፍ በቲዩብ ራዲዮ ያዳመጠው ሰው ሞቅ ያለ ድምፅ ትዝ ይለዋል። ያ ሙቀት ግን አብዛኛው የእንጨት ሣጥኑና የጠባቡ ሞገድ ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ ጣቢያውም ጋ ራዲዮኑም ጋ ተቆርጦ ቀርቷል። ቲዩብ ገዝቶ ያንን መፈለግ ልፋት ነው።

ንጽጽሩ እንዲታመን ከተፈለገ አንድ ዓይነት፣ በአንድ ጊዜ የተሠሩ፣ እኩል የሠሩ ሁለት ቲዩቦች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የታከመ፣ አንዱ ያልታከመ። ቲዩብ ነቅሎ፣ አቀዝቅዞ፣ ሌላውን ተክሎ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል፤ ጆሮ ደግሞ ግማሽ ሰዓት የድምፅን ጠባይ አይዝም። ስለዚህ በሞኖ የተቀዳ ሸክላ ይጠቀሙ። የታከመውን በግራ፣ ተራውን በቀኝ ይተክላሉ፤ ዘፋኙ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል መቆም አለበት። ወደ አንዱ ካዘነበለ ቲዩቦቹን ያለዋውጡ። ማዘንበሉ ከቲዩቡ ጋር ከተሻገረ ልዩነቱ የማጉላት ነው፤ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ። ከዚያ ግራ ቀኙን ሌላ ሰው ይለዋውጥ፣ እርስዎ ሳያዩ፤ የታከመው የቱ ጋ እንዳለ ይናገሩ፣ እሱ ይጻፍ። በግምት ብቻ ከ16 ጊዜ 12ቱን ወይም ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድል ከመቶ 4 ያህል ብቻ ነው። 9 ወይም 10 ያወቀ ግን መስማቱን አላሳየም፣ ገምቶም ሊያገኘው ይችላል። የሚለዋውጠው ሰው የቲዩቡን ዋጋ የማያውቅ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ ፊት ያሳብቃል።

ልዩነት ሳይገኝ ቢቀርም የታከመውን ቲዩብ ለጥቅም ማዋል ይቻላል። ወረቀቱ እውነት ከሆነ የተመረጠና ጸጥ ያለ ነውና፣ ቦታው መጀመሪያው ማጉያ ነው፤ እዚያ የገባች ትንሽ ሹክሹክታ ከኋላ ባሉት ሁሉ ትባዛለች። ለኋለኛው ረድፍ ተራውን ይትከሉ፣ የተረፈውንም ገንዘብ ለስታብላይዘሩ ያውሉት።